አሻራ የሌላት ቋጪ

«ጠበቅ አድርገው ይጫኑት፣ እማማ» አለችኝ መዝጋቢዋ።

ጫንኩት። አሻራ የሚያነሣው መስታወት ከሥሩ አረንጓዴ በርቶ ጠፋ። «እንደገና» አለች፤ እንደገና ጫንኩት። ቀኝ እጅ፣ ግራ እጅ፣ ከዚያ ሁለቱ አውራ ጣቶች። ጣቶቼን በእርጥብ ጨርቅ ጠረገቻቸው፣ በሶፍት አደረቀቻቸው፣ እሱም አልሆን ሲላት በመዳፏ አሸት አሸት አድርጋ አሞቀቻቸው። ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ያጉረመርማል፤ ሱቁን ለጎረቤት አደራ ብሎ የመጣ ሁሉ ነው። በመጨረሻ ስክሪኑን ወደ እኔ አዞረችልኝ። ከእኔ በፊት የነበረው ሰውዬ ጣቶች መስመር በመስመር ሆነው ሲታዩ አይቻለሁ። የእኔ አሥሩም ባዶ ነበሩ።

«ሥራዎ ምንድን ነው፣ እማማ?»

«ቋጪ ነኝ።»

ገብቷት ይሁን ሳይገባት ቀና ብላ አየችኝ። አልፈርድባትም። ነጠላ የሚለብስ ሰው ጫፉን ማን እንደቋጨው አይጠይቅም። ነጠላ ከሽማኔው እጅ ሲወጣ ሁለቱ ጫፎቹ ልቅ ክር ናቸው። ያንን ክር ጥቂት ጥቂት እየከፈልኩ፣ በአውራ ጣቴና በሌባ ጣቴ መካከል አክርሬ፣ ሁለት ሁለቱን መልሼ አጠማዝዤ ጫፉ ላይ እቋጥረዋለሁ። መርካቶ፣ ሸማ ተራ ውስጥ የአንድ ጋቢና ነጠላ መደብር ደረጃ ላይ ተቀምጬ ይህንን ስሠራ ሠላሳ ዓመት ሊሞላኝ ነው። በበዓል ሰሞን ምራቄ እስኪደርቅ ጣቴን እየላስኩ አከርራለሁ። ክር ስስ ነው፣ ጣት ወፍራም ነው፤ ለካ ሁለቱ ሲተሻሹ የሚያልቀው ጣት ኖሯል።

መታወቂያውን የፈለግኩት ለጌጥ አልነበረም። የምኖርበት ግቢ አብነት ከሚባለው ሰፈር አጠገብ ነው፤ ሊፈርስ ነው። ምትክ ክፍል የሚሰጠው አዲሱን መታወቂያ ይዞ ለቀረበ ብቻ ነው ተብለናል፤ የተሰጠን ጊዜ ሁለት ወር። በግቢው ከነበርነው ስምንት አባወራ ስድስቱ ጨርሰው ወጥተዋል፤ በሮቻቸውንና መስኮቶቻቸውን ነቅለው ነው የሄዱት። የቀረነው እኔና አንድ የጥበቃ ሠራተኛ ነን፤ እሱ ከአዳር ሲገባ እኔ ወደ ሥራ እወጣለሁ። ያቺን አንድ ክፍል ካጣሁ የምጠጋበት ዘመድ የለኝም። አልወለድኩም፣ አገር ቤት የነበረችው እህቴም ከሞተች ቆይታለች።

«ጣቱ እምቢ ላለው ሰው ሌላ መንገድ አለ» አለችኝ መዝጋቢዋ። «የድሮ መታወቂያዎን ይዘዋል?»

ከመቀነቴ ፈትቼ ሰጠኋት። አንድ ክረምት ላስቲኩ ተከፍቶ ዝናብ ገብቶበት ነበር። ፎቶዬ ደህና ነው፤ አጠገቡ የነበረው ስም ግን ሰማያዊ ኩሬ ሆኗል።

«ስሙ አይታይም እኮ።»

«እኔ እነግርሻለሁ።»

«እርስዎማ ይነግሩኛል» ብላ ሳቅ አለች። «ሌላ ሰው ነው የሚያስፈልገው። አንድ ምስክር ያምጡ፤ ስምዎን ከነአባትዎ፣ ከነአያትዎ የሚያውቅ። ወይ ደግሞ ጣትዎን ይታከሙና ይመለሱ፤ ቆዳዎ ታሟል።»

ሁለት መንገድ ሰጠችኝ። አንደኛው ሰው መለመን ነው፣ ሁለተኛው ሐኪም ቤት መሄድ። እኔ ደግሞ ሰው መለመን ሞቴ ነው። ሐኪም ቤት ሄድኩ።

የቆዳ ሕክምና ተራ መጠበቂያ እንደ ሌላው አይደለም። ሌላ ቦታ ሰው «ምንሽን አመመሽ?» ይባባላል፤ እዚያ ግን ሁሉም የሌላውን ሕመም በዓይኑ እያየው ስለሆነ የሚጠይቅ የለም። ማዲያት የወጣባት ሴት ነበረች፤ ከገበያ በገዛችው የሚያነጣ ቅባት ብሶባት ጉንጯ ተላጥቷል። አንገቱን ቋቁቻ የወረሰው ወጣት ነበር። እናቱ ያቀፈችው ጭርታም ሕፃን፣ ከንፈሩና ጣቶቹ በለምጽ የነጡ ሸበቶ ሰውዬ። አግዳሚው ላይ በእያንዳንዱ ሰው መካከል የአንድ ሰው ቦታ ክፍት ነበር። እኔም ስደርስ ያንኑ ያህል ለቅቄ ተቀመጥኩ፤ ማንም አላዘዘኝም። ለምጻሙ ሰውዬ ፈገግ ብሎ አየኝ፣ እኔ ግን አንገቴን ደፋሁ። እስከ ዛሬ የሚቆጨኝ አንዱ ነገር እሱ ነው።

ሐኪሙ ወጣት ነው። እጄን ተቀብሎ ገለባበጠው፣ በማጉያ መነጽር አየው፣ ከዚያ ጓንቱን አውልቆ በባዶ ጣቱ የጣቶቼን ጫፍ ዳሰሰ። ባለቤቴ ከሞተ ስድስት ዓመቱ ነው። ጣቶቼ መሰንጠቅና ማሳከክ ከጀመሩ ደግሞ ሁለት ዓመት፤ ከዚያ ወዲህ ሰላም የሚለኝ ሲመጣ «እጄ ቆሽሿል» እያልኩ አንጓዬን ነው የምሰጠው። ያ ልጅ እጄን ይዞት ሲቆይ፣ ሳላፍር ልናገርና፣ እንዳይለቀው ፈለግኩ።

«በጣም ቆይቷል። ለምን አልመጡም?»

«እከክ መስሎኝ።»

«እከክስ ቢሆን መድኃኒት አይደል ያለው?»

እከክ የሚለው ቃል ለእኔ በሽታ ብቻ እንዳልሆነ እንዴት ብዬ ልንገረው?

ወረቀት ስቦ ሳለልኝ። ቆዳ አንድ ልባስ ብቻ እንዳይመስልዎት አለኝ። ከላይ ያለው ስስ ነው፤ ከሥሩ አዳዲስ ሴሎች እየተወለዱ ወደ ላይ ይገፋሉ፣ ላይ ሲደርሱ ሞተው ይረግፋሉ፤ ጉዞው አንድ ወር ያህል ይፈጃል። ሁለተኛው ወፍራሙ ነው፤ የደም ሥሩ፣ የላብ እጢው፣ የፀጉሩ ሥር እዚያ ነው። ሙቀትን ከብርድ የሚለየው፣ ሰው ሲነካን የሚያውቀውም ነርቭ እዚያው ነው። ከሁለቱ በታች ስብ አለ።

«ጋቢ አራት ልባስ ነው» አልኩት። «ቆዳ ሦስት ከሆነ፣ ስንሠራ አንድ ጎድሎብናል ማለት ነው።»

ከልቡ ሳቀ። «ሦስቱም ግን ሥራ አይፈቱም» አለኝ። ውስጥ ያለው ውሃችን እንዳይወጣ ይይዛሉ፣ ውጭ ያለው ጀርም እንዳይገባ ይከለክላሉ፣ ሲሞቀን አልበው ያበርዱናል፣ ከፀሐይ ለአጥንት የሚሆን ቫይታሚን ይሠራሉ። የጣት መስመሮች ደግሞ የላዩና የመካከለኛው ቆዳ ከተያያዙበት የሚነሡ ናቸው። «እናትዎ ማህፀን ውስጥ ሳሉ ነው የተሠሩት። የላዩ ቢያልቅም የሥሩ ካልተጎዳ ተመልሶ ይወጣል። የእርስዎ ችፌ ነው። ክሩ ሲያሸው፣ ቀለሙና ሳሙናው ሲያቃጥለው ቆዳው ተቆጥቷል። እከክ አይደለም። ከሰው ወደ ሰው አይተላለፍም።»

«አይተላለፍም?»

«በጭራሽ። ቢጨባበጡ፣ አብረው ቢበሉ፣ ምንም።»

ቅባት አዘዘልኝ። ቫዝሊን ደጋግሜ እንድቀባ፣ ለአምስት ሳምንት ክር የሚባል ነገር እንዳልነካ ነገረኝ። ጓንት አድርጌ ብሠራስ አልኩት፤ ራሴው ሳቅኩ፣ በጓንት ክር አይከርም። ስወጣ ከነገረኝ ሁሉ አንዷን ቃል ብቻ ይዤ ወጣሁ። አይተላለፍም። ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር፤ ደስ አላለኝም። ምክንያቱም አንዲት ሴት አለች።

ከእኔ ደረጃ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ ባለው ሱቅ ደጅ የምትቀመጥ እንደ እኔው ቋጪ ናት። ከአሥራ ሁለት ዓመት በፊት እጇ ልክ እንደ ዛሬው የእኔ ቀልቶ፣ ተሰነጣጥቆ፣ ውሃ እየቋጠረ ነበር። የፋሲካ ሰሞን ነው፤ ሸማ ተራ ሰው እርስ በርሱ እየተጋፋ፣ ተሸካሚው «ሸክም ነው! ሸክም ነው!» እያለ በላያችን ላይ ሊያልፍ ይደርሳል። አንዲት ደህና ገዢ የእኔን ነጠላ አገላብጣ ካየች በኋላ ትታው ወደ እሷ ተሻገረች። ምን እንደነካኝ አላውቅም ልል ነበር። አውቃለሁ፤ ምቀኝነት ነው። መንገዱ መሐል ገብቼ ቆምኩና «እትዬ፣ ኧረ እከካም እጅ የነካው ነጠላ ቤትዎ እንዳያስገቡ!» ብዬ ጮህኩ።

ገዢዋ ነጠላውን እንደ እሳት ለቀቀችው። የሰማ ሁሉ ሳቀ። ሴትየዋ እጆቿን ነጠላዋ ሥር ከተተቻቸው። የዚያን ዓመት ፋሲካ ማንም ሥራ አልሰጣትም፣ ከዚያም በኋላ ብዙ ወር ባዶ እጇን ስትቀመጥ አይቻታለሁ። ምላስ አጥንት የለው አጥንት ይሰብራል የሚሉት እውነት ነው፤ የሰበረው ምላስ የእኔ ሲሆን ግን ሰው ተረቱን ቶሎ አያስታውሰውም።

በስድብ ከሰሰችኝ። መጥሪያው የመጣልኝ ደረጃዬ ላይ ተቀምጬ፣ ሰው ሁሉ እያየኝ ነው። ማንበብ አቅቶኝ አይደለም፤ ስምንተኛ ክፍል ደርሻለሁ፣ ዛሬም ይህንን የምጽፈው በገዛ እጄ ነው። ንዴቱ ዓይኔን ጋረደኝና ሳልገልጠው አራት ቦታ ቀድጄ ከደረጃው ሥር ባለው የቦይ ውሃ ውስጥ ጣልኩት። የመደብሩ ባለቤት ጋሼ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ ሽማግሌ ይዘው ሄደው ነገሩን አበረዱልኝ። እኔ አልሄድኩም፣ ይቅርታም አልጠየቅኩም። ከዚያ ወዲህ አሥራ ሁለት ዓመት ፊት ለፊት ተቀምጠን ተነጋግረን አናውቅም። እሷን ማንሣት ግድ ሲሆንብኝ «ያቺ» እላታለሁ። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ እኔ እውነትም ረስቼው ነበር፣ ሐኪሙ እስኪያስታውሰኝ።

አምስት ሳምንት ቫዝሊን ተቀብቼ፣ ላዩ ላይ ካልሲ እጄ ውስጥ አጥልቄ ቤቴ ተቀመጥኩ። እንዲህ ያለ ብቸኝነት እንዳለ አላውቅም ነበር። ብቸኛ መሆኔን አውቃለሁ፤ ግን ሸማ ተራ ላይ ብቸኛ መሆን ሌላ ነው፣ ቢያንስ ሰው ይረግጥሻል። ሥራ ማቆሜን ያየ አንድ ሰው እንኳ ይጠይቀኛል ብዬ በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሬን ገርበብ አድርጌ ጠበቅኩ። የገባው ነፋስ ብቻ ነው፤ ከባዶዎቹ ክፍሎች ተነሥቶ የሲሚንቶ ብናኝ ይዞ ይገባል። ስልኬ አንድ ቀን ጠራ። የጋሼ ልጅ ነው፤ መደብሩን የያዘው እሱ ነው። «እትዬ፣ ሥራ ተከምሯል፣ መቼ ነው ብቅ የምትይው?» አለኝ። ገና ነኝ ስለው «በቃ ሌላ ሰው ልፈልጋ» ብሎ ዘጋው። ክፋት የለበትም፤ መርካቶ ነው፣ ክር አይጠብቅም።

ሥራ ሲጠፋ ጣቶቼን መመልከት ያዝኩ። የላዩ ቆዳ እየተላጠ ሲረግፍ በየቀኑ አይቼዋለሁ፤ ነጭ ነጭ ሆኖ ካልሲው ውስጥ ይቀራል። ስንት ነጠላ ላይ ስንት ጊዜ እንዲህ ረግፌ ይሆን ብዬ አሰብኩ። ይህች ከተማ የእኔን ቆዳ በትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ ለሠርግም ለቀብርም ሄዳለች፤ ቤቴን የሚያውቀው ግን የለም። በአራተኛው ሳምንት አንድ ቀን በመስኮቱ ብርሃን ሳይ የግራ ትንሿ ጣቴ ጫፍ ላይ ቀጭን ቀጭን መስመር አገኘሁ። «መጣሽ?» አልኳት ጮክ ብዬ። ድምፄ ባዶው ግቢ ውስጥ ሲያስተጋባ ደነገጥኩና አፌን ያዝኩ።

ተመልሼ ሄጄ መስታወቱ ላይ ስጫን የተነበቡት ሁለቱ ትንንሽ ጣቶች ብቻ ናቸው። ትንሿ ጣት ክር አትነካም፤ ስቋጭ ዳር ቆማ ታያለች እንጂ ሠርታ አታውቅም። ስምንቱ የሠሩት ጣቶች አሁንም ባዶ ናቸው።

«ሁለት አይበቃም፣ እማማ» አለችኝ መዝጋቢዋ፤ እውነት ለመናገር አዝናለች። «ምስክሩን ይዘው ይምጡ። ቀኑ እየደረሰ ነው።»

የቀረኝ አሥር ቀን ነው። ሠላሳ ዓመት አንድ ቦታ የተቀመጠ ሰው ምስክር አያጣም ብዬ መጀመሪያ የሄድኩት ወደ ጋሼ ልጅ ነው። «ችግር የለም እትዬ፣ አሁኑኑ!» ብሎ ተነሣ። ተነሥቶ ግን «ሙሉ ስምሽ ማን ነበር?» አለኝ። ስልኩን አውጥቶ ፈለገኝ፤ እኔም ከትከሻው በላይ አየሁት። «ቋጪ ደረጃዋ» ብሎ ነው የመዘገበኝ። ልነግረውና ሊሸመድደው ይችል ነበር። ግን ስሜን በቃሉ አስጠንቼው፣ ቆሞ አውቃታለሁ ብሎ ሲምል ታየኝና አስጠላኝ። «ተወው፣ ሌላ ሰው አለኝ» አልኩት። ማንም አልነበረኝም።

የነፍስ አባቴ ዘንድ ሄድኩ። ደግ አባት ናቸው፤ ግን የሚያውቁት የክርስትና ስሜን ነው፣ በእሱ ሲጸልዩልኝ ነው የኖሩት። የዓለም ስሜን ስነግራቸው «እንዲህ ነሽ እንዴ?» ብለው ተገረሙ። ሰማይ ቤት እታወቃለሁ፤ ምትክ ቤት የሚሰጡት ግን ምድር ላይ ናቸው። ዕድሩን አስቤ ነበር። ከዕድሩ ግን በገዛ እጄ ነው የወጣሁት፤ ባለቤቴ የሞተ ቀን ድንኳኑ ዘገየ ብዬ ዳኛውን በለቀስተኛው ፊት ሰድቤ፣ ደብተራችሁን ጠቅልላችሁ ያዙ ብዬ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ። የእኔ ግን መቃብሬ ሳልደርስ ቀድሞኝ ጠፋ።

ስሜን ለመጨረሻ ጊዜ ከሰው አፍ የሰማሁበትን ቀን አስታወስኩ። ባለቤቴ ሆስፒታል ተኝቶ ነው። ቤት ውስጥ «አንቺ» ነበር የሚለኝ፣ እኔም «አንተ» እለዋለሁ። ነርሷ መጥታ «ቅርብ ሰው ማን ብለን እንመዝግብ?» ስትለው ትንፋሹ እየተቆራረጠ ስሜን ከነአባቴ ከነአያቴ ነገራት። እንዲያ ተጠርቼ ሰምቼ ስለማላውቅ የሌላ ሴት ስም መስሎኝ ነበር።

በማግስቱ ደረጃዬ ላይ ባዶ እጄን ተቀመጥኩ። ማዶ ያቺ ትቋጫለች። እጇን እያየሁ ሳለ አንድ ነገር መጣልኝ። ክስ ያለ ተከሳሽ ስም አይጻፍም፤ ያውም ከነአያት። መርካቶን ያህል ገበያ ውስጥ ስሜን አጥብቃ ፈልጋ ያገኘች አንዲት ሰው ብቻ ናት።

መንገዱ ስፋቱ ከስምንት እርምጃ አይበልጥም። ሁለት ጊዜ ተነሥቼ ሁለት ጊዜ ተቀመጥኩ። ሦስተኛው ላይ አንድ ባለጋሪ «እማማ፣ ወይ እለፊ ወይ አሳልፊ!» ሲለኝ ራሴን ማዶ አገኘሁት።

«እንደምን ዋልሽ» አልኳት።

እጇ አልቆመም። ክሯን እያከረረች «እግዚአብሔር ይመስገን» አለች፤ ለእኔ ሳይሆን ለክሩ የመለሰች ይመስላል።

ያሰብኩት ንግግር ሁሉ ጠፋኝ። እጄን ዘረጋሁላት። «ችፌ ነው አሉኝ። ያኔ የአንቺም ችፌ ነበር፣ እከክ አልነበረም። አይተላለፍም አሉኝ።»

«እኔማ ያኔም አውቅ ነበር» አለች። «ሐኪም ነግሮኛል። የጠፋው ለገበያው የሚነግርልኝ ነው።»

«በድዬሻለሁ። ይቅር በይኝ።»

የያዘችውን ክር አጠማዝዛ ጨረሰች፣ ቋጠረችው፣ ከጫፉ የተረፈውን በጥርሷ ቆረጠች። ከዚያ ነው ያየችኝ። «ምን ፈልገሽ ነው?»

በጥፊ ብትለኝ እንደዚያ አላፍርም ነበር። ይቅርታዬ እውነት ነው፤ ፈልጌ መምጣቴም እውነት ነው። ሁለቱንም ነገርኳት፤ ግቢው ሊፈርስ መሆኑን፣ መስታወቱን፣ ዝናብ የወሰደውን ስም። «ስሜን ታስታውሺው እንደሆነ ብዬ ነው» አልኩ።

ስሜን ከነአባቴ፣ ከነአያቴ ጠራችው። ጮክ ብላ አይደለም፤ አንዱንም ፊደል ግን አልዋጠችም። ደረጃዋ ላይ፣ አጠገቧ ተቀመጥኩ። እንባዬ መጣ፤ በክፉ ነው ያወቀችው፣ ግን አወቀችው።

«ማን ነገረሽ?»

«ባልሽ። ለክሱ ከነአያቷ አምጪ ሲሉኝ ግቢሽ ድረስ ሄጄ ጠየቅኩት። ለምን እንደሆነ አልደበቅኩትም። ‘መቼም ጥፋቷ ነው’ ብሎ ነገረኝ፤ ሻይም አጠጣኝ። ደግ ሰው ነበር። ቀብሩ ላይ መጥቼ ነበር፤ አላየሽኝም» አለች።

ስድስት ዓመት ሙሉ ማን ቀረ፣ ማን ዘገየ እያልኩ ስቆጥር ኖሬያለሁ። የመጣችውን አልቆጠርኳትም።

«ነገ ገበያው ሳይሞቅ እንሂድ» አለችና አዲስ ክር ከፈለች።

በማግስቱ አብረን ሄድን። ታክሲ ውስጥ ጎን ለጎን ተቀመጥን፤ ሰው ሲበዛ ክንዳችን ተነካካ፣ አንዳችንም አልሸሸንም። መዝጋቢዋ ፊት ቀርባ የራሷን መታወቂያ ሰጠች፤ «እኚህን ያውቋቸዋል?» ስትባል «አውቃታለሁ» አለችና ስሜን እንደ ትናንቱ ሞልታ ጠራችው። መዝጋቢዋ ቅጽ አወጣች። ሴትየዋ ፊደል ስላልቆጠረች ከቅጹ ግርጌ አውራ ጣቷን ቀለም ነክታ አሳረፈች። የወጣው ልሙጥ ሰማያዊ ጠብታ ነው፤ መስመር የሚባል የለውም። መዝጋቢዋ ጠብታውን አየች፣ ሁለታችንን አየች።

«እርስዎ መጻፍ ይችላሉ አይደል?» አለችኝ። «መታወቂያቸውን ኮፒ አድርጌ እስክመለስ ይሙሉት።» የሴትየዋን መታወቂያ ይዛ ወደ ጓዳው ገባች።

እስክሪብቶውን ያዝኩ። የአመልካች ስም በሚለው ላይ የራሴን ስም ጻፍኩ፤ እጄ ደስ እያለው ጻፈው። አድራሻ፣ ሥራ፣ የጋብቻ ሁኔታ። ከዚያ ወደሚቀጥለው መስመር ወረድኩ። የምስክር ሙሉ ስም፣ ከነአያት ይላል።

እስክሪብቶው ቆመ። አሥራ ሁለት ዓመት ፊት ለፊቴ፣ ስምንት እርምጃ ርቀት ላይ። ስትስቅ አውቃታለሁ፣ ስትቆጣ አውቃታለሁ፣ ክር ስትቆርጥ በየትኛው ጥርሷ እንደምትቆርጥ አውቃለሁ።

«ምነው?» አለችኝ።

«ስምሽን» አልኩ። «ስምሽን አላውቀውም።»

ብትቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። አልተቆጣችም። ወረቀቱ ላይ ያለውን ባዶ መስመር ማንበብ እንደሚችል ሰው ትክ ብላ አየችው።

«መጥሪያው ላይ ተጽፎልሽ ነበር» አለች።

ከዚያም እጄ እንዲደርስባት ቀስ እያለች የራሷን፣ የአባቷን፣ የአያቷን ስም ነገረችኝ።